የሐምሌ ጨለማና የእህታችን ክኒን



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ የተጀመረው በቡና ረከቦት ዙሪያ ነው። ካቻምና በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናቡ ለአራተኛ ቀን ሳያባራ፣ ከአባሎቻችን አንዷ ወደ ሳምንታዊ ስብሰባችን መጣች። አቦሉ ሲቀዳ አልጠጣችም። ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ አንዲት ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከስኒዎቹ አጠገብ አስቀመጠች። በውስጧ ክኒን አለ። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ የምትኖር እህቷ በሰው እጅ የላከችላት ነው። "እኔን ከክረምት ያወጣኝ ይሄ ነው፤ ያንን እንቅልፋም መድኃኒት ተዪና ይሄንን ዋጪ" ብላታለች። እህታችን የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር። "ልዋጠው ወይስ አልዋጠው?"

መልስ አልነበረንም። አንዳንዶቻችን "የአሜሪካ መድኃኒት ስለሆነ ጥሩ ነው" አልን። አንዳንዶቻችን "ክኒን ሁሉ ይቅርብሽ፣ ጸሎት ይሻልሻል" አልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ጤና ባለሙያ እየጠየቅን፣ የተማሩ ልጆቻችን እያነበቡልን፣ የዚህን ነገር ታሪክ ከሥሩ ለማወቅ ሞከርን። ያገኘነውን እነሆ።

የእኛ ክረምት

ጅማን ዝናብ የሚያገኛት ቀድሞ ነው። ከየካቲትና ከመጋቢት አንስቶ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ይበረታል። አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ የቡ፣ ሰቃ፣ ጌራም እንደዚሁ ናቸው። ለቡናው ይህ በረከት ነው፤ ያለ ዝናብ ፍሬው አይሞላም። ለሰው ግን ወቅቱ ሌላ መልክ አለው።

የቡና ገንዘብ የሚገባው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል። አዲሱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው። ጎተራው ጎድሏል፣ በቆሎው አልደረሰም። ልጅ ያተኩሳል፣ ጣሪያ ያፈሳል። የመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም ፊት ለፊት ይታያል። ብዙ ቤት ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ በርካሽ ለአበዳሪ የሚሸጠው በዚህ ጊዜ ነው። በመጋዘን ቡና በመልቀም የምንተዳደረው ሴቶችም የቀን ሥራ የሚቀንስብን በክረምት ነው።

ክረምት ልብን እንደሚያከብድ ከእኛ በፊት የነበሩትም ያውቁ ነበር። የአገራችን በዓላት ራሳቸው ይመሰክራሉ። በእንቁጣጣሽ "ከዘመን ወደ ዘመን እንኳን አሸጋገራችሁ" እንባባላለን። በመስቀል ደመራ ይበራል። የኦሮሞ ሕዝብ በኢሬቻ የዝናቡን ወራት አሳልፎ ወደ ብሩህ ወቅት ላደረሰው ፈጣሪ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ያመሰግናል። ክረምትን ማለፍ በአገራችን የሚመሰገንበት ነገር ነው።

ዕዳና ገበያም የራሳቸው ጨለማ አላቸው። እድሜያችን የገፋው እናስታውሳለን፤ እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወርዶ አንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች የደረሰበትን ጊዜ። ያኔ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ አለ፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀረ አለ፤ ግድግዳ እያየ የዋለ አለ። ስለዚህ በሐምሌ ሆዷ ባር ባር ያላት ሴት ሁሉ በሽተኛ አይደለችም። ችግር ያዝናል፤ ችግሩ ሲቃለል ሐዘኑም ይቀላል።

የእህታችን ግን እንዲህ አልነበረም። ገንዘብ በነበረበት ዓመትም ሰኔ ሲገባ ትወድቃለች። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ትነቃለች፣ እስኪነጋ አትተኛም። እንጀራው አይጥማትም። ልጇ ሲስቅ አትስቅም። "እኔ ባልኖር ለሁሉም ይቀል ነበር" ማለት ጀመረች። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሲዘልቅና ሰውን ከሥራና ከቤት ሲያወጣ ሐኪሞች ድባቴ ይሉታል፤ እኛ ድብርት የምንለው ነው።

የእህቷ ክረምት

ሚኒሶታ ያለችው እህቷ ታሪክ ከዚህ ይለያል። በእንግሊዝኛ ክረምት የሚባለው የእነሱ ወቅት የሚመጣው እኛ ዘንድ በጋ ሲሆን ነው። እኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ቀይ እሸት ቡና ስንለቅም፣ እጃችን ገንዘብ ሲነካ፣ እሷ ጨለማ ውስጥ ትገባለች። በዚያ አገር በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ከዘጠኝ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። በስቶክሆልም ደግሞ ወደ ስድስት ሰዓት ይወርዳል። በጅማ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። እኛን የሚያጨልመን ደመና ነው፤ እነሱን የምታጨልማቸው ራሷ ፀሐይ ናት።

ይህ የሰሜኑ ሐዘን በሕክምና መጽሐፍ ስም ያገኘው ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ስሙን ከሰጡት ባለሙያዎች ዋናው ኖርማን ሮዘንታል ይባላል። ደቡብ አፍሪካ ተወልዶ ያደገ ሐኪም ነው። ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ የመጀመሪያው ክረምት ጉልበቱን እንደሚወስድበት በራሱ ላይ አየ፤ እንደ ልጆቻችን ሁሉ ከፀሐይ አገር የሄደ ሰው ነበርና። በዚያው ጊዜ አንድ ኢንጂነር ለዓመታት የራሱን ስሜት በማስታወሻ ሲመዘግብ ቆይቶ፣ ቀኑ ሲያጥር እሱም እንደሚወድቅ ደርሶበት ወደ ተመራማሪዎቹ መጣ። በደማቅ ብርሃን ፊት አስቀምጠው ሞከሩት፤ ተሻለው። በ1984 በታተመው ጥናት 29 ሕሙማን ተገልጸዋል።

ከዚያ ወዲህ በሰሜን አገሮች ለዚህ ሕመም ሦስት መንገድ ተለምዷል። አንዱ በየማለዳው ለግማሽ ሰዓት ያህል በደማቅ መብራት ፊት መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ ሐሳብንና የቀን ውሎን ማስተካከል ነው። ሦስተኛው መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቡፕሮፒዮን የተባለውን መድኃኒት ይህን የክረምት ድባቴ አስቀድሞ ለመከላከል እንዲውል ፈቀደ። ከስኒዎቹ አጠገብ የተቀመጠችው ጠርሙስ የያዘችው ይህንኑ ነበር። እህቷ አልዋሸችም፤ እሷን በእርግጥ ረድቷታል።

ክኒኑ ከየት መጣ?

የድባቴ ክኒን ታሪክ የሚጀምረው እኛ በደንብ ከምናውቀው በሽታ ነው፤ ከሳንባ ነቀርሳ። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ በሚገኝ የነቀርሳ ሆስፒታል አዲስ መድኃኒቶች ይሞከሩ ነበር። አንዱ አይሶናይዚድ ነው፤ ዛሬም የእኛ የቲቢ ሕሙማን ይወስዱታል። የእሱ ዘመድ የሆነው አይፕሮናይዚድ ግን ሌላ ነገር አሳየ። አልጋ ላይ ተስፋ ቆርጠው የነበሩ ሕሙማን ተነሡ፣ ምግብ ጠየቁ፣ በመተላለፊያው ጨፈሩ። ሳንባቸው ገና ታምሞ ሳለ ልባቸው ቀሎ ነበር። የኋላ ኋላ ይህ መድኃኒት ጉበት በመጉዳቱ ከአገልግሎት ወጣ፤ ነገር ግን ድባቴ በክኒን ሊቀል እንደሚችል አሳይቶ አለፈ።

ሁለተኛው ታሪክ የስዊዘርላንድ ነው። በሐይቅ ዳር ባለች ሙንስተርሊንገን በምትባል መንደር፣ ሮላንድ ኩን የተባለ የአእምሮ ሐኪም ለሌላ ሕመም የታሰበ አንድ መድኃኒት ይሞክር ነበር። ለታሰበለት ሕመም አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ1956 ግን በከባድ ድባቴ ለተያዘች አንዲት ሴት ሲሰጣት በቀናት ውስጥ መለወጧ ታየ። መድኃኒቱ ኢሚፕራሚን ነው። ኩን በ1957 በዙሪክ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይህንን ሲናገር ያዳመጡት ከአሥራ ሁለት ሰዎች ብዙም አይበልጡም ነበር።

ከዚህ ቤተሰብ የተወለደው አሚትሪፕቲሊን እ.ኤ.አ. በ1961 ለአገልግሎት ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ሲያወጣ አሚትሪፕቲሊን በውስጡ ነበር። ርካሽ ስለሆነና ስለሚሠራ በብዙ ደሃ አገሮች ለድባቴ የመጀመሪያው ክኒን እሱ ሆነ። ችግሩም አብሮ መጣ፦ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ በተለይም ያስተኛል። ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ ልብን ይጎዳል፤ ስለዚህ በቤት ብዙ ማከማቸት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህኛው ሌላ ቤተሰብ ነው። እንደ ቀደመው አያስተኛም፤ ብዙ ጊዜ በማለዳ ይወሰዳል። የራሱ ችግር አለው፦ መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ እንቅልፍ ማጣትና መቁነጥነጥ፣ በባልና ሚስት ግንኙነት ላይ ፍላጎት መቀነስ። በዓለም ጤና ድርጅት ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2007 ነው። ከአሜሪካ መደርደሪያ እስከ ደሃ አገሮች ዝርዝር ሃያ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

ወደ ጅማ

መድኃኒት ያለ ሐኪም ብቻውን አይመጣም። በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው፤ በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለመላ አገሪቱ ብቸኛው ነበር። የጅማ ሆስፒታልም የተመሠረተው በዚያው ወረራ ዘመን ነው፤ የአእምሮ ሕክምና ግን ዘግይቶ ደረሰው። የጅማ ሰው አእምሮው ሲታመም 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አማኑኤል መድረስ ነበረበት። አቅም የሌለው በቤት ይታሰር ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ከእኛ መካከል ያላየ የለም።

ለውጡ የመጣው በነርሶች ነው። በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) በአማኑኤል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ተጀመረ። የሠለጠኑትም ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተላኩ። በጅማም በዚያው በ1980ዎቹ የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ተከፈተ፤ ከዋና ከተማው ውጭ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በኋላ ጤና ጣቢያዎችም ድባቴን እንዲያዩ ተደረገ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ጀምሯል። ዛሬ ሴት ልጅ "ልቤ ከበደኝ" ብላ የምትሄድበት በር ያለው ሰዎች ይህን ያህል መንገድ ስለጠረጉ ነው።

ልትውጠው ወይስ አትዋጠው?

እንግዲህ ወደ ጠርሙሷ እንመለስ። እህታችን ባለፈው ዓመት ክረምት አሚትሪፕቲሊን ተሰጥቷት ተሽሏት ነበር። ኅዳር ላይ የመጋዘን ሥራ ሲበረታ ግን ከትሪው ፊት ቁጭ ብላ ታንቀላፋ ጀመር። ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ሳትለይ ታልፋለች፤ የቀን ሒሳቧ ተቀነሰ። ለማንም ሳትናገር ክኒኑን ተወች። ሰኔ ሲመጣ ሕመሙ ተመለሰ። ከአምና የተረፈውን አንድ ቀን ትውጣለች፣ ሁለት ቀን ትተዋለች። ጠርሙሷ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው።

ሁለታችን ይዘናት ወደ ጤና ባለሙያ ሄድን። ነርሱ ጠርሙሷን አይተው አልተቆጡም። ጥያቄ ብቻ ጠየቋት። እርጉዝ ነሽ ወይ? ጫት ትቅሚያለሽ ወይ? ሌላ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ያለ ልክ ደስ ብሎሽ፣ እንቅልፍ ሳትፈልጊ የሰነበትሽበት ጊዜ ነበር ወይ? በመጨረሻም "የሚጥል በሽታ ኖሮብሽ ያውቃል?" አሏት።

ዝም አለች። ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። በልጅነቷ እየጣላት እሳት ላይ ወድቃ ነበር። ለዓመታት አብረናት ቡና ስንጠጣ ጠባሳውን አይተነዋል፤ ምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ነርሱ ጠርሙሷን ወደ ጎን አደረጉ። ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ለነበረበት ሰው አይሰጥም፤ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። እህቷን ያዳነው ክኒን እሷን መልሶ እሳት ላይ ሊጥላት ይችል ነበር። አሚትሪፕቲሊንም በዚህ በኩል ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ነገሩን። ከሐኪም ጋር ተማክረው ወደ ፍሉኦክሰቲን እንድትዛወር ተወሰነ። ለውጡም በአንድ ቀን አልሆነም፤ ሁለቱ በደም ውስጥ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚጨምር፣ የቀደመው ቀስ ተብሎ እየተቀነሰ፣ ሌላው በልክ ተጀመረ። "ለውጥ እስክታዪ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲሻልሽ ደግሞ 'ድኛለሁ' ብለሽ አታቁሚ፤ ስናቆም አብረን እናቆማለን" አሏት።

ቁርኣን ማስቀራቷንም ተዪ አላሏትም። ጸበል ለምትሄደውም፣ ዱዓ ለምታስደርገውም የሚሉት አንድ ነው፤ እምነትሽን ያዢ፣ ክኒኑንም አታቋርጪ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱ። አቅለሸለሻት፣ "ይሄም ያው ነው" አለች። በየማለዳው አንዳችን ቤቷ እየሄድን ቁርስ አብረናት ቀመስን፣ ክኒኑን ስትወስድ አየን። ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ይዘናት እስከ ወንዙ ድልድይ በእግር ሄድን። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ቀን፣ ስኒው ትንሽ ስለጎደለ "ይሄ ቡና ለማን ተቀዳ?" ብላ ቀለደች። ሁላችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ሳቅን።

እኛ የለወጥነው

ይህንን የምንጽፈው የራሳችንን ጥፋትም ለመናገር ነው። በደንባችን ሦስት ጊዜ ከስብሰባ የቀረች አባል ትቀጣለች። እህታችንን በዚያ ክረምት ቀጥተናታል። "ሰንፋለች" ብለናል፤ "ገንዘብ ስትይዝ ኮራችብን" ያልንም አለን። እሷ ቅጣቱን ከፈለች፣ ምንም አልተናገረችም። ጠርሙሷን ይዛ ባትመጣ ኖሮ የምንሰማው ምን እንደነበር ማሰብ ያስፈራናል።

አሁን ደንቡን ለውጠነዋል። አባል ሁለት ጊዜ ከቀረች ከቅጣት በፊት ሁለት ሰዎች ቤቷ ሄደው ይጠይቋታል። ከግንቦት ጀምሮ በየሳምንቱ ከምናስቀምጠው ላይ ጥቂት ለክረምት ብድር እንለያለን፤ ማንም ቡናዋን በዛፉ ላይ ለአበዳሪ እንዳትሸጥ፣ የመድኃኒትና የትራንስፖርት ገንዘብ አጥታም ክኒን እንዳታቋርጥ ነው። ደጋፊዎቻችን፣ የላካችሁት ገንዘብ የሚሠራው አንዱ ሥራ ይህ መሆኑን እወቁልን።

በውጭ ያላችሁ እህቶቻችንና ልጆቻችን ሆይ፣ በፍቅር ታስቡናላችሁ፤ እናውቃለን። ነገር ግን የራሳችሁን ክኒን በሻንጣ አትላኩልን። የክኒኑን ስም ጽፋችሁ ላኩ፤ ይዘነው ወደ ባለሙያ እንሄዳለን። እናንተም ታኅሣሥ ላይ ስትጨልሙ ደውሉልን። ያኔ እኛ ዘንድ ፀሐይ ነው፣ ቡናውም አልጋው ላይ ተሰጥቷል።

እዚህ ያለሽው እህታችን፣ መድኃኒትሽ ካስተኛሽ፣ አፍሽን ካደረቀሽ፣ ካልተስማማሽ፣ ዝም ብለሽ አትተዪው። ሌላ ዓይነት አለ፤ ሰባ ዓመት የፈጀው የክኒን ታሪክ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሄደሽ ንገሪ፤ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ እኛ አብረንሽ እንሄዳለን። ሞት ያሰኘሽ ቀን ደግሞ ስብሰባ አትጠብቂ፤ የመጀመሪያዋን ጎረቤት በር አንኳኪ።

ጠርሙሷን ነርሱ አስቀርተዋታል። እህታችን ባለፈው ክረምት ከስብሰባ የቀረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ልጇ አተኩሶት ነበር። ሁለት ሰዎች ሄደን ጠየቅናት።